የአራት ቁጥር ጀልባ ባንዲራ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን ባሕር ላይ የሚውለበለብ ባንዲራ ስጠልፍ ኖሬያለሁ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ፉርጎ ከሚራገፍበት መጋዘን አጠገብ በነበረችው የቆርቆሮ ስፌት ቤት ውስጥ ስምንት ሴቶች ነበርን። ከስምንታችን አንዳችንም ጀልባ አላየንም። ትልቅ ውሃ ሲባል የምናውቀው ክረምት ላይ ከድልድዩ ሥር እያጓራ የሚያልፈውን የአቃቂን ወንዝ ነው። የፖሊስ ጀልባ እንዲህ ነው ብሎ ያስረዳን ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ልኩን፣ ቀለሙንና ዓርማውን ነገሩን፤ ሠራን።

ጨርቁ ከውጭ አገር የሚመጣ ስስ ሱፍ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ። በላይኛው ጥግ ሦስቱ ቀለማት አሉ፤ መሀሉ ላይ የፖሊስ ዓርማ፣ አንበሳውና ዘውዱ፣ ዙሪያውን ጽሑፍ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቢሆን በአንድ ፊቱ ጠልፎ መገላገል ነበር። የጀልባው ግን ከሁለቱም ወገን መነበብ አለበት። በግራ የሚያልፈውም በቀኝ የሚያልፈውም ዓሣ አጥማጅ ‹ፖሊስ› የሚለውን ፊደል ሳይገለበጥ ማየት አለበት ተባለ። ስለዚህ ያንኑ ዓርማ ሁለት ጊዜ እንጠልፍና ጀርባ ለጀርባ እንገጥመዋለን። የአንዱ ክብ ከሌላው ክብ የስንዴ ቅንጣት ያህል ከተዛነፈ ሥራችንን የሚቆጣጠረው ፎርማን መቀሱን ያነሳል። ሦስት ቀን የለፋሁበትን ዓርማ በሦስት ደቂቃ ሲተረትረው ቆሜ አይቻለሁ። ዐይኔን የበላው ያ ሥራ ነው፤ ዛሬ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሰው እለምናለሁ።

አብረውኝ የሠሩት ሴቶች ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ። ይበሉ። ሌላው ወንድ ጠጅ እንደሚወደው እሱ ደንብ ይወድ ነበር። የሥራው ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው። ጀልባዎቹ ያሉት አሰብ ነው፤ ነፋሱና ጨዉ በሦስት በአራት ወር የባንዲራውን ጫፍ ይበላዋል፤ ነገር ግን አሮጌው ካልተመለሰ አዲስ አይወጣም። አሮጌዎቹ በጆንያ ታስረው በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር እኛ ዘንድ ይደርሳሉ። የፖሊስ ዓርማ በማንም ሌባ እጅ እንዳይወድቅ ሲባል፣ ተመልሶ የመጣው አሮጌና እኛ ያበላሸነው አዲስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከስፌት ቤቱ ጓሮ በርሜል ውስጥ ይቃጠላል። በእያንዳንዱ ባንዲራ ጠርዝ ላይ የጀልባው ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ጥብጣብ ተሰፍቷል። ፎርማኑ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከፖሊስ ጣቢያ የሚላከው አሥር አለቃ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ከእኛ ተራ የደረሳት ደግሞ ጠቅልላ እሳት ውስጥ ትጥላለች። ሲያልቅ አሥር አለቃው ‹በዓይኔ እያየሁ ተቃጥሏል› ከሚለው ጽሑፍ ሥር ይፈርማል። የተቃጠለ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ነው የሚሸተው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም እንኳ ከነጠላዬ ላይ ይሸተኝ ነበር።

ጆንያው ሲፈታ ደግሞ ሌላ ሽታ አለው። ዓሣ፣ ጨው፣ ናፍጣ። ባሕር የምለው ያንን ነው።

ወንድሜ በአራት ዓመት ያንሰኛል። አባታችን የሐዲድ ሠራተኛ ሆኖ ኖሮ ሐዲድ ላይ እንዳለ በሳንባ ሞተ፤ እኔ ስፌት ገባሁ፤ ወንድሜ ዕድሜው ሲፈቅድለት ፖሊስ ተቀጠረ። ከመቶ ቦታ መርጠው የላኩት የት ቢሆን ጥሩ ነው? ጀልባ ላይ። አቃቂ ወንዝ ውስጥ ከመንቦራጨቅ በቀር ዋና የማያውቀውን ልጅ! አራት ቁጥር ጀልባ ደረሰው። ሲሄድ ጣቢያው ድረስ ሸኘነው፤ እናቴ ስታለቅስ እሱ በፉርጎው መስኮት ብቅ ብሎ ይስቅባት ነበር።

ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። ‹የእጅሽ ሥራ ከራሴ በላይ እየተውለበለበ እንዴት ያኮራኛል› አለኝ በአንዱ። በመጨረሻው ደግሞ እንዲህ አለ፦ ‹ጫፉ ተተረተረ፤ ለዓይን አስጠላ። ክር ባጣ የዓሣ መረብ በሚጠግኑበት ሲባጎ ሰፋሁት። አደራ ሲመለስ አይተሽ እንዳትስቂ። በሚቀጥለው ጭነት ልኬዋለሁና አዲስ ሥሪልን።› እኔም ‹አንተ ሌባህን ያዝ፣ ስፌቱን ለእኛ ተወው› ብዬ መለስኩለት። ያ መልስ ደርሶት ይሁን ሳይደርሰው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የዕድራችን ዳኛና ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ነፋስ ጀልባውን ገልብጦታል። አራት ሰው ነበረበት፤ የሁለቱ ሬሳ ተገኘ። የወንድሜ አልተገኘም፤ ባሕሩ አልመለሰውም።

በእኛ ልማድ ሬሳ ከሌለ የሟቹ ልብስ ይወጣል። ኮቱ፣ ጋቢው፣ ጠመንጃ ቢኖረው ጠመንጃው፣ ለቅሶው መሀል ይገባል፤ እናት ያንን አቅፋ ትዞራለች፤ ለቀስተኛው ያንን እያየ ያለቅሳል። እኛ የምናወጣው አልነበረም። ወንድሜ ‹ከእንግዲህ መንግሥት ያለብሰኛል› ብሎ የነበረውን ሁለት ሱሪና አንድ ኮት ሲሄድ ለሰው ሰጥቷል። መንግሥት ያለበሰውን ደግሞ የመንግሥት ዕቃ ቤት ተረከበው። ፎቶግራፍ አንድ ተነሥቶ ነበር፤ እሱም መታወቂያው ላይ ሆኖ አብሮት ሰጠመ። ደብዳቤዎቹ ወረቀት ናቸው፤ ወረቀት ታቅፎ አይዞርም። እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ባዶ እጇን ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ደረቱን ሲመታ እሷ መዳፎቿን ታያለች። አንድ ዘለላ ዕንባ አልወጣትም። ‹ምን ይዤ ላልቅስ?› ትለኛለች ዞር ብላ፣ እኔ ምናምን ደብቄባት ይመስል። ‹ምን ይዤ?› ቀን በገፋ ቁጥር እህል ተወች። ፊቷ ጠቁሮ ዐይኗ ደርቆ ሳያት፣ አርባው ሳይደርስ ሁለተኛ ሬሳ ከዚህ ቤት ሊወጣ ነው ብዬ እሰጋ ነበር።

አርባው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ ጆንያ መጣ።

ፎርማኑ እየቆጠረ ያወጣል፣ አሥር አለቃው ይመዘግባል፣ እኛ መርፌያችን ላይ አጎንብሰናል። አሥር አለቃው በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ቤቱም ከእኛ መንደር ነው። አንዱን ባንዲራ ዘረጋና ሳቀ። ‹ኧረ ይሄን ማነው እንዲህ የሰፋው? ባንዲራውን ኮርቻ አደረገው እኮ!›

ቀና አልኩ። ነጭ ጥብጣብ፣ አራት ቁጥር። ጫፉ ላይ ወፍራም ሲባጎ፣ አንዱ እርምጃ ረጅም አንዱ አጭር፣ እንደ ሰካራም የሚሄድ ስፌት። ወንድሜ ሳይሞት ጠቅልሎ የላከው ነው፤ በየወደቡ ሲንከባለል ከመርዶው ዘግይቶ መድረሱ ነው።

‹ወንድሜ ነው የሰፋው› አልኩ። የስፌት መኪናዎቹ ቆሙ። አሥር አለቃው የሚገባበት ጠፋው፤ ባንዲራውን አጥፎ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ተነሥቼ ፎርማኑ ፊት ቆምኩ። ‹ጋሼ፣ ይህን ይስጡኝ። ለእናቴ ነው። ለአርባው የምትይዘው ነገር የላትም።›

‹ዕቃው የመንግሥት ነው› አለኝ፣ መነጽሩን እየጠረገ።

‹ወንድሜስ?›

‹እሱም የመንግሥት ነበር። ነፍስ ይማር።› ከዚያ ትንሽ ያዘነ መሰለና፣ ‹ከበላይ ወረቀት ካመጣሽ እኔ ምን ገዶኝ። ግን እስከ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ይቃጠላል› አለ።

ሐሙስ በጠዋቱ ባቡር አዲስ አበባ ወጣሁ። በዋናው መሥሪያ ቤት ከበር ጠባቂ ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ንብረት ክፍል ስመላለስ ዋልኩ። ማመልከቻዬን ያነበበው ጸሐፊ ግራ ገብቶት ቀና አለ። ‹የሟችን ንብረት ነው የምትጠይቂው?› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹ባንዲራ የሟች ንብረት አይደለም። ባንዲራ አይወረስም።› አውርሱኝ አላልኩም፣ ሊቃጠል ነው፣ ከምታቃጥሉት ስጡኝ ነው የምለው አልኩት። አለቃው የሉም፣ ሰኞ ተመለሺ አለኝ። ‹ቅዳሜ እኮ ይቃጠላል!› ስለው እውነቱን አዘነልኝና፣ ‹እንግዲያውማ ሰኞ ብትመጪም አይጠቅምሽም› አለኝ። ይህን ሲል አልቀለደም። ሥራ ትቼ የዋልኩበትን ቀን ፎርማኑ በደንቡ መሠረት ከዓመት ፈቃዴ ቀነሰው።

ስለዚህ ሰረቅሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

ዓርብ ለምሳ ሲወጡ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አሮጌዎቹ ባንዲራዎች በገመድ ታስረው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቡትቶ የሚሰርቅ ይመጣል ብሎ የሚጠብቃቸው የለም። የወንድሜን አወጣሁ፣ ነጩን ጥብጣብ በምላጭ ፈታሁ፣ ከጠረጴዛ ሥር ባጠራቀምኩት የሰማያዊ ሱፍ ቁርጥራጭ ላይ ሰፋሁት። ሲጠቀለል ዓርማ ያለው ይሁን የሌለው ከውጭ አይታይም። ባንዲራውን ከቀሚሴ ሥር ወገቤ ላይ ጠምጥሜ በመቀነቴ አሰርኩት። ጨዉ የደረቀበት ሱፍ ሥጋዬን ሲበላኝ ዋለ። በማግስቱ ተራው የሌላ ሴት ነበር፤ ልለውጥሽ አልኳት። ዐይኔን አየችኝ፣ ለምን አላለችኝም፣ ቦታውን ለቀቀችልኝ።

‹አራት› አለ ፎርማኑ ጥብጣቡን እያየ።

‹አራት› አለ አሥር አለቃው፣ ምልክት እያደረገ።

ጣልኩት። ተቃጠለ። ፈረመ።

እናቴ ኩርማን እንጀራ ከሰው የማትወስድ፣ መሬት ወድቆ ያገኘችውን ቁልፍ የማን ነው እያለች ቤት ለቤት የምትዞር ሴት ናት። ሰርቄ አመጣሁልሽ ብላት በእጇ እንደማትነካው አውቃለሁ። ስለዚህ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ‹እማዬ፣ መንግሥት ላከልሽ› አልኳት። ‹የልጅሽ ባንዲራ ነው። እሱ ራሱ የሰፋው ነው፣ ይኸው።›

ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። በጣቷ ጫፍ ጫፉን ሄደች፤ ሲባጎው ላይ ስትደርስ ቆመች። እያንዳንዱን ስፌት ተራ በተራ ነካች። ከዚያ ጮኸች። ሠላሳ አምስት ቀን ታፍኖ የነበረው ለቅሶ ያን ቀን ወጣ፤ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ ደስ አለኝ። እናቴ እያለቀሰች ደስ አለኝ። ማታ እህል ቀመሰች።

በማግስቱ ‹እማዬ፣ እቤት ውስጥ አልቅሺበት፤ ውጭ አታውጪው› አልኳት።

‹ለምን?›

‹እንዲሁ። እንዳይቀደድ።›

‹መንግሥት አክብሮ የሰጠኝን ምን ሠርቼ ነው የምደብቀው?› አለች።

ሞኝነቴን ያየሁት ያኔ ነው። የሌባ ደንቡ መደበቅ ነው። እኔ የሰረቅሁት ደግሞ የሚወጣው እንዲታይ፣ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ታቅፎ እንዲዞርበት ነው። ይህን ዓርብ ዕለት ምላጩን ስይዝ አላሰብኩትም፤ ያሰብኩት የእናቴን ባዶ እጅ ብቻ ነው።

አርባው ሐሙስ ዋለ። እናቴ ባንዲራውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓርማው ከፊት ሲባጎው ከኋላ ሆኖ፣ ድንኳኑን ዞረችው። የስፌት ቤት ጓደኞቼ ሰባቱም መጥተዋል። ባንዲራውን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሙሾ አወረደች፤ ስድስቱ ተቀበሏት፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው ወሬ እንዳያወራ አድርገው አስለቀሱት። ያን ቀን የዋሉልኝን ውለታ በሕይወቴ አልከፈልኳቸውም።

አሥር አለቃው የዕድራችን አባል ነው፤ እንደ ደንቡ ሊያስተዛዝን መጣ። ገና ከድንኳኑ አፍ ላይ ሆኖ አየው። እግሩ እንደ መቆም አለ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ሰጡት፤ በመዳፉ እንደያዘው ቀረ። እናቴ ሰው ከፍላ ፊቱ ድረስ ሄደች። ‹አሥር አለቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ› አለችው፣ ባንዲራውን ከደረቷ አጣብቃ። ‹መንግሥት አልረሳኝም። ለአለቆችዎ ይንገሩልኝ።› እሱ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ‹እግዜር ያጽናዎት እትዬ› አለ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ ሳይመለስ፣ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። እናቴ ጓሮ ነበረች።

‹ልጄ› አለኝ ቀስ ብሎ፣ ‹እኔ ፈርሜያለሁ። በዓይኔ እያየሁ ተቃጥሏል ብዬ ፈርሜያለሁ።›

‹እኔ ነኝ የወሰድኩት፤ እኔን ይሰሩኝ› አልኩት።

‹አንቺ ብትታሰሪ እኔ ልተርፍ ነው? እናትሽ ለመንደሩ ሁሉ ነግራለች። ነገ አንዱ ጣቢያ መጥቶ ለእኔም ሟች ባንዲራ ስጡልኝ ቢል ምን ልመልስ ነው? ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፤ ስድስት ልጅ አለኝ።› ላብ በግንባሩ ወረደ። ‹ስጪኝና እናቃጥለው። እንደተፈረመው ይሁን።›

ልጠላው ፈልጌ ነበር። ዛሬም እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም። ሰውየው የጠየቀኝ ልክ ነበር፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ከጓሮ መጣች። ‹አሥር አለቃ! ይግቡ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምዎታል?› አለች። ሰውየውን አየች፣ እኔን አየች፣ ‹ምነው? ምን ሆናችሁ?› አለች።

የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ለእሷ ብዬ ነው። ሁለተኛውን ለማን እንደሆነ አላውቅም። ‹እማዬ፣ ባንዲራውን ሊወስዱት ነው የመጡት። አዲስ አበባ በዋናው መሥሪያ ቤት በክብር ሊሰቀል ነው› አልኳት።

ወደ አሥር አለቃው ዞራ፣ ‹ስሙን ትጽፉበታላችሁ?› አለችው።

‹እንጽፋለን እትዬ› አለ፣ ጫማውን እያየ።

ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ባንዲራውን እንደ መስቀል ልብስ በአራት አጥፋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። አላጠበችውም፤ የልጄ ላብ አለበት ብላ ውሃ አላስነካችውም ነበር። ሲባጎውን ሳመችና አስረከበችው። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ፣ ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ እንደኔ አያድርግዎ ብላ መረቀችው። ያ ሁሉ ምርቃት ሲወርድበት ሰውየው ቆሞ አሜን አሜን ይላል።

ከድልድዩ ሥር፣ ወንዙ ዳር ወረድን። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። አሥር አለቃው ክብሪት ሰጠኝ፤ ጨው የጠጣ ሱፍ እሳት አይዝም፤ ይጨሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና እጭራለሁ። ክብሪቱን ልጨርሰው ደረስኩ። አንበሳው የተጠለፈበት ሐር ቶሎ ሄደ። ሲባጎው መጨረሻ ቀረ። በላያችን የዕቃ ባቡር አለፈ። ከዚያ አሥር አለቃው አመዱን በጫማው ገፍቶ ወንዙ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ቀና አለች፤ እውነቱን ለመናገር በውሸቱ ቀና አለች። ገበያ ስትወጣ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ፣ የልጇ ባንዲራ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደተሰቀለ ታወራለች። በየበዓሉ ለአሥር አለቃው ድፎ ዳቦ ትልካለች። መንገድ ላይ ካየችው አቁማ ትመርቀዋለች፤ እሱም በእኛ በር ማለፉን ትቶ በወፍጮ ቤቱ በኩል መዞር ጀመረ። እኔ የምዞርበት መንገድ አልነበረኝም። ‹ስሙን በምን ጻፉት?› ትለኛለች። በወርቅ ክር እላታለሁ። ‹ትልቅ ነው ፊደሉ?› ከሩቅ ይነበባል እላታለሁ። ጥልፍ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ እያንዳንዱን ፊደል እንዴት እንደተጠለፈ ልነግራት እችል ነበር፤ ነገርኳትም። ‹እስቲ ውሰጂኝ፣ በዓይኔ ልየው› ስትል ግን ምክንያት አላጣሁም። ቤቱ እየታደሰ ነው። ደረጃው ይበዛል፣ ጉልበትሽ አይችልም። አለቃው ተቀይሯል። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አቆየኋት።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ተቆልፏል። ‹እናትሽማ ነጭ ልብሷን ለብሳ በጠዋቱ ባቡር አዲስ አበባ ወጣች› አለችኝ ጎረቤታችን። ጣቢያ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ሲገባ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር። እግሯ ላይ ልውደቅ? ለአንቺ ብዬ ነው ልበላት? ከባቡሩ ስትወርድ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል፣ ጫማዋን በእጇ ይዛዋለች። አየችኝ። ቀድማኝ ተናገረች።

‹አየሁት› አለች። ‹ስሙን በወርቅ ክር ጽፈውበታል። ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው።›

ጫማዋን አቀበለችኝና ከፊቴ ከፊቴ ወደ ቤት ሄደች።

የሌለ ነገር አይታይም። እዚያ ግቢ በር ላይ ማን ምን እንዳላት፣ ስንት ሰዓት እንዳቆሟት፣ ስንት ሰው እንደሳቀባት አላውቅም። የማውቀው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ለአሥር አለቃው ዳቦ እንዳልላከች ነው። እኔንም ስለ ፊደሉ ጠይቃኝ አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ኖረች፤ አንድ ቀን አልተቆጣችኝም፣ አንድ ቀን ይቅር አልኩሽ አላለችኝም። እኔም አፌን አልከፈትኩም፤ በእያንዳንዱ ፋሲካ ልነግራት እወስንና ፆሙ ሳይፈታ እተወው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሰዎች የልጅሽ ባንዲራ እንዴት ሆነ ብለው ሲጠይቋት እሷ መመለስ ተወች። እጇን አንሥታ ወደ እኔ ትጠቁማለች። ‹እሷ ታውቀዋለች። እሷን ጠይቋት› ትላለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እናቴም ትዞራለች፤ እንደ ማንም ለቀስተኛ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጠኛለች። እኔም፣ በወርቅ ክር ነው የተጻፈው፣ ብዬ እጀምራለሁ።